የፖላንዶቹ እድር፦ የስደት አገር ማኅበር ምን ያቆመዋል፣ ምን ያፈርሰዋል?

ከዋይት ሐውስ ፊት ለፊት ላፋዬት የሚባል አደባባይ አለ። ዋሽንግተን ዲሲ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። የእኛም ሰው ሰልፍ ሲወጣ ብዙ ጊዜ እዚያ አካባቢ ነው የሚሰባሰበው። በአደባባዩ አራት ጥጎች ላይ አራት የጦር መኮንኖች በነሐስ ተሠርተው ቆመዋል። አራቱም አሜሪካኖች ከእንግሊዝ ጋር ለነጻነት ሲዋጉ ሊያግዟቸው ከአውሮፓ የመጡ ናቸው። በሰሜን ምሥራቅ ጥግ ያለው ፖላንዳዊው ታዴዉሽ ኮሽቹሽኮ ነው።

ሐውልቱ የተመረቀው ሜይ 11 ቀን 1910 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1910 ደግሞ ፖላንድ የምትባል አገር በካርታ ላይ የለችም። ሩሲያ፣ ፕሩሲያና ኦስትሪያ ለሦስት ተቀራምተዋት ከጨረሱ 115 ዓመት አልፏል። መንግሥት የላትም፣ ኤምባሲ የላትም፣ አንድ ሳንቲም በጀት የላትም። ታዲያ ከአሜሪካ ፕሬዚዳንት መኖሪያ ፊት ለፊት ሐውልት የሚያቆም ማን ነው?

የቄራ ሠራተኛው፣ ከሰል ቆፋሪውና የብረት ማቅለጫው ወዛደር ናቸው። በማኅበራቸው በኩል አዋጥተው አቆሙት። ማኅበሩ የፖላንድ ብሔራዊ ኅብረት ይባላል። የዘወትር ሥራው ደግሞ ሐውልት ማቆም አልነበረም፤ አባል ሲሞት ለቤተሰቡ ገንዘብ መክፈል ነበር። እድር ነው በቃ።

ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎ ነው ዛሬ ልጽፍ የተቀመጥኩት። የእኛ ሰው ባለበት ከተማ ሁሉ የኮሚኒቲ ማኅበር ይቋቋማል። የመጀመሪያው ዓመት ሞቅ ይላል፣ አዳራሹ ይሞላል፣ ኮሚቴ ይመረጣል። ሦስተኛው ዓመት ላይ ሊቀመንበሩና ጸሐፊው ብቻ ይቀራሉ። ሰው ለምን ቀረ ሲባል «ፍቅር የለንም»፣ «አንድነት የለንም» እንባባላለን። እኔ ግን ችግሩ እዚያ ላይ አይመስለኝም። ፖላንዶች ይህን ነገር ከ150 ዓመት በላይ ሞክረውታል፤ ተጣልተውበታል፣ ተሳክቶላቸዋል፣ ወድቀዋልም። ታሪካቸውን ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ይታየኛል። የአገር ናፍቆት ስደተኛውን ወደ ማኅበሩ በር ያመጣዋል። ውስጥ የሚያቆየው ግን ማኅበሩ የሚሠራለት፣ ሌላ ማንም የማይሠራለት ሥራ ነው። ያ ሥራ ሲያልቅ ባንዲራው ቢሰቀልም አዳራሹ ባዶ ይሆናል።

ለዳቦ የሄዱት

ፖላንዶች በውጭ ያለውን ወገናቸውን ሁሉ «ፖሎኒያ» ይሉታል። ዛሬ ቁጥሩ ወደ 20 ሚሊዮን ይገመታል። ግማሽ ያህሉ አሜሪካ ውስጥ ነው። እዚያ የመጀመሪያዋ ቋሚ የፖላንዶች መንደር በ1854 ቴክሳስ ውስጥ የተመሠረተችው ፓና ማሪያ ናት፣ ድንግል ማርያም ማለት ነው። ትልቁ ጎርፍ የመጣው ግን ከ1870ዎቹ ወዲህ ነው። መሬት ያነሰው ገበሬ፣ ከሦስቱም ገዢዎች ሥር እየወጣ፣ ወደ ቺካጎ፣ ዲትሮይት፣ ቡፋሎ፣ ሚልዋኪና ፔንሲልቫኒያ ነጎደ። ለምን ሄዳችሁ ሲባሉ መልሳቸው አጭር ነበር፦ ለዳቦ።

ከእነዚህ ገበሬዎች ብዙዎቹ «ፖላንዳዊ ነኝ» ብለው አያውቁም ነበር። ማን ነህ ሲባል የመንደሩን ስም የሚናገር ነው። ፖላንዳዊነቱን ያወቀው አሜሪካ ገብቶ፣ ቋንቋ ጠፍቶበት፣ እንደሱ የሚጸልይ ሰው ሲፈልግ ነው። ማኅበሩ የተሰበሰበው ፖላንዳዊ ስለነበረ ብቻ አይደለም፤ ፖላንዳዊነቱንም ራሱ ማኅበሩ ሠርቶታል።

አሁን አንድ ቤት በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። ባል ብረት ማቅለጫ ውስጥ ይሠራል። አንድ ቀን አደጋ ደርሶበት ይሞታል። ኩባንያው ምንም አይከፍልም፤ የአሜሪካ ግዛቶች ለሥራ ላይ ጉዳት ካሣ የሚያስከፍል ሕግ በወጉ ማውጣት የጀመሩት ከ1911 ወዲህ ነው። ሚስት እንግሊዝኛ አታውቅም። ልጆች አሉ። የቤት ኪራይ በሳምንቱ መጨረሻ ይመጣል። ሬሳው በማዘጋጃ ቤት ወጪ፣ ስም በሌለው መቃብር እንዳይገባ የሚከለክለው ማነው? በደብሩ ውስጥ በአንድ ቅዱስ ስም የተሰባሰቡ ጎረቤቶች ናቸው። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ያዋጣሉ። አባል ሲሞት ማኅበርተኛው አርማውን ይዞ ይሸኘዋል፣ ለመበለቲቱም በደንቡ የተወሰነው ገንዘብ ይሰጣታል። ድንኳኑና የንፍሮው ድስት ሲቀር ሁሉን ነገር እናውቀዋለን።

እነዚህ ትንንሽ እድሮች ቀስ በቀስ ተያያዙ። በ1873 ዲትሮይት ላይ የፖላንድ ካቶሊካዊ ኅብረት ተመሠረተ። በ1880 ፊላዴልፊያ ላይ ቀደም ብዬ ያነሳሁት የፖላንድ ብሔራዊ ኅብረት ተከተለ። ሁለቱም በኋላ ማዕከላቸውን ቺካጎ አደረጉ። የሁለተኛው ሐሳብ የመጣው ከሩቅ ነው። አጋቶን ጊለር የሚባል፣ በሩሲያ ላይ ባመፀው ትውልድ ውስጥ የነበረ ስደተኛ፣ በ1879 ስዊዘርላንድ ሆኖ አሜሪካ ላሉት ወገኖቹ ደብዳቤ ጻፈ። ሐሳቡ ባጭሩ፦ ያ ሁሉ ገበሬ ተደራጅቶ ቢማርና ኑሮው ቢሻሻል ያለ ጠመንጃ ለፖላንድ ትልቅ ኃይል ይሆናል የሚል ነበር። ኅብረቱ ይህን ይዞ ተነሳ። ብዙም ሳይቆይ ግን ሰው በሐሳብ ብቻ እንደማይቆይ ገባው። ስለዚህ የሞት መድኑን የአባልነት ምሰሶ አደረገው። ገበሬው ለሚስቱና ለልጆቹ ብሎ ገባ። ከገባ በኋላ ጋዜጣውን አነበበ፣ ስብሰባ ተቀመጠ፣ እጁን አውጥቶ መረጠ፣ ለሐውልት አዋጣ።

ተጣልተዋል እኮ

«እነሱማ አንድ ስለሆኑ ነው» የሚል አይጠፋም። አንድ አልነበሩም። በጣም ተጣልተዋል።

ካቶሊካዊው ኅብረት «ፖላንዳዊ ማለት ካቶሊክ ነው» አለ። ብሔራዊው ኅብረት ደግሞ አይሁዱንም፣ እምነት የለሹንም ተቀበለ። ቄሶቹ በስብከት አወገዙት፣ እሱም በጋዜጣው መለሰ። በአንድ ሰፈር ያሉ ሁለት ደብሮች በዚህ ጉዳይ ዓይንና ናጫ ሆኑ። ሴቶቹ በሙሉ አባልነት አትገቡም ሲባሉ በ1898 ቺካጎ ላይ የፖላንድ ሴቶች ኅብረትን አቋቋሙ፤ የራሳቸው መድን፣ የራሳቸው ጋዜጣ፣ የራሳቸው ገንዘብ ያዥ። ብሔራዊው ኅብረት ሁለት ዓመት ቆይቶ በሩን ከፈተላቸው። እነሱ ግን ድርጅታቸውን አልዘጉም።

ትልቁ ጠብ የቤተ ክርስቲያን ንብረት ነበር። በጊዜው የአሜሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት በብዛት የአየርላንድ ተወላጆች ናቸው። ከሰል ቆፋሪው ከደመወዙ ቆርሶ ሕንጻውን ያሠራል፣ ባለቤትነቱ ግን በጳጳሱ ስም ይጻፋል። «በላባችን ሠርተን ቁልፉ ለምን በእኛ እጅ አይሆንም?» አሉ። በ1897 በስክራንተን፣ ፔንሲልቫኒያ፣ ፍራንቺሼክ ሆዱር የሚባሉ ቄስ ምእመኑን ይዘው ተገነጠሉ። ከዚያ የወጣው የፖላንድ ብሔራዊ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴውን ከላቲን ወደ ፖላንድኛ መለሰው። ዛሬም አለ። በውጭ አገር አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ሲከፈል ያየ የእኛ ሰው፣ ቦርዱና ሕንጻው የማን ነው በሚል ክርክር ውስጥ ያለፈ ሰው፣ ይህን ታሪክ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

መከፋፈሉ ግን አልገደላቸውም። ይህን ጠንከር አድርጌ ነው የምናገረው፤ እኛ ዘንድ መከፋፈል እንደ መርገም ስለሚታይ። ሁለት ኅብረቶች ለአንዲት መበለት ሲፎካከሩ የሚጠቀመው ማን ነው? እሷ ናት። ቄሶቹ የማይወዱት ሰው መግቢያ ነበረው። ሴቶቹም የራሳቸው ካዝና ያዙ። ጠቡ ገንዘቡንና ጊዜውን ሁሉ ቢበላው ኖሮ ይፈርሱ ነበር። እነሱ ግን እየተጣሉም የወሩን መዋጮ ሰበሰቡ፣ የሞተውን ቀበሩ።

ጊዜው ሲደርስም አብረው ቆሙ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከ20 ሺህ የሚበልጡ የአሜሪካ ፖላንዶች ካናዳ ውስጥ ናያጋራ አጠገብ ሠልጥነው በፈረንሳይ የተቋቋመውን የጄኔራል ሃለርን የፖላንድ ጦር ተቀላቀሉ። ምልመላውን በዋናነት የሠራው «ጭልፊቶች» የሚባለው የስፖርት ማኅበር ነበር። ፒያኖ ተጫዋቹ ኢግናሲ ፓዴሬቭስኪ በየከተማው እየዞረ ሕዝቡን ቀሰቀሰ፣ የዋይት ሐውስንም በር አንኳኳ። ፕሬዚዳንት ዊልሰን በጃንዋሪ 1918 ባወጣቸው 14 ነጥቦች ውስጥ 13ኛው ነጻ ፖላንድ ነበረች። በኖቬምበር ፖላንድ ነጻ ወጣች።

ከዚያስ? ከዚያ በኋላ ያለው ነው ለእኔ ይበልጥ የሚያስተምረኝ። ማኅበሮቹ ግባቸው ተሳካ፣ ሰዉ ግን አገሩ አልተመለሰም። ልጆቹ እንግሊዝኛ ይናገራሉ። ምን እንሥራ ብለው ሲመክሩ በ1920ዎቹ አንድ መፈክር ወጣ፦ «ስደተኛው ለስደተኛው»። ከእንግዲህ ዋርሶን ከማየት የቺካጎን ልጅ እንይ ማለት ነው። ይህን በጊዜ የተረዳ ማኅበር ተረፈ።

ሁሉም አልተረፈም። ብሔራዊው ኅብረት በ1912 በፔንሲልቫኒያ፣ ካምብሪጅ ስፕሪንግስ በምትባል ትንሽ ከተማ ለወጣቶቹ ኮሌጅ ከፍቶ ነበር። ለኮሌጁ መክፈቻ በዓል የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ታፍት ራሱ ተገኝቷል። የወዛደር ልጅ ሌላ ቦታ ኮሌጅ መግባት በሚቸግረው ዘመን ትልቅ ነገር ነበር። በኋላ ግን የፖላንድ ልጅ የፈለገው ዩኒቨርሲቲ ገባ። ኮሌጁ ተማሪ እያጣ መጥቶ በ1987 ተዘጋ። ግቢው አሁን የሴቶች እስር ቤት ነው። ይህን ሳነብ ልቤ አዘነ። ያንን ግቢ ስንት ሰው ከወር ደመወዙ ቆርሶ ነው የሠራው! የገደለው ግን ጠላት አይደለም። ሥራው አለቀ፣ ሌላ ሥራ አልተገኘለትም።

ግሪንፖይንት፦ ባንኩ እምቢ ሲል

ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ ግሪንፖይንት የሚባል ሰፈር አለ። ማንሃተን አቬኑ በሚባለው ዋና መንገዱ ላይ ለብዙ አሥርት ዓመታት ከሱቆቹ ጽሑፍ እስከ ዳቦ ቤቱ ቋንቋ ሁሉ ነገር ፖላንድኛ ነበር። በ1970ዎቹ ኒውዮርክ ለኪሳራ የደረሰችበት ጊዜ ነው። ባንኮች እንዲህ ያሉ አሮጌ የወዛደር ሰፈሮችን «አይሆኑም» ብለው ፈረጇቸው። ሰውየው ሥራ አለው፣ ቆጥቧል፣ ቤቱን ለመግዛት ሞርጌጅ ይጠይቃል፤ መልሱ እምቢ ነው።

አባ ሎንጊን ቶውቺክ የሚባሉ ቄስና አብረዋቸው የነበሩ ሰዎች መጀመሪያ በ1972 የፖላንድና የስላቭ ማዕከልን አቋቋሙ። በ1976 ደግሞ የብድርና ቁጠባ ማኅበር መሠረቱ። ነገሩ ቀላል ነው። የአንተን ቁጠባ፣ የእኔን ቁጠባ፣ የእሷን ቁጠባ አንድ ላይ እናድርገው፤ ባንኩ የከለከለንን ሞርጌጅ ራሳችን ለራሳችን እንስጥ። ትርፉ ለባለ አክሲዮን አይሄድም። አባል ሁሉ እኩል አንድ ድምፅ አለው፣ ቦርዱንም ይመርጣል። እቁብ ቤት ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ልዩነቱ እቁቡ ሲያልቅ ይበተናል፤ ይሄኛው ሕግ ያወቀው፣ ተቀማጩ በመንግሥት ዋስትና ያለው ሆነ።

ዛሬ ይህ ማኅበር ከ100 ሺህ በላይ አባላትና ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሀብት አለው። ለአባላት ልጆች በየዓመቱ የትምህርት ድጎማ ይሰጣል። ግሪንፖይንት ኪራይ ጣሪያ ነክቶ ብዙ ፖላንዶች ወደ ኩዊንስና ኒውጀርሲ ሲፈናቀሉ፣ ማኅበሩ ቅርንጫፍ እየከፈተ ተከተላቸው። እስከ ቺካጎ አካባቢ ደርሷል። ሰፈሩ ጠፍቶ ማኅበሩ መቆየቱ ይገርመኛል። የፖላንድ ዳንስ ቡድን ብቻ ቢሆን ኖሮ ከሰፈሩ ጋር ይበተን ነበር። ሰው ዳንሱን ይተወዋል፣ የቤቱን ብድር ግን አይተውም!

የለንደኖቹና የ2004ቶቹ

እንግሊዝ ያሉት ሌላ ታሪክ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ከእንግሊዝ ጎን የተዋጉ ከ200 ሺህ በላይ የፖላንድ ወታደሮች ነበሩ። አገራቸው በስታሊን እጅ ወደቀች። ብዙዎቹ የተወለዱበት ምሥራቃዊ ክፍል ጭራሽ ለሶቭየት ተሰጠ። መመለሻ የላቸውም። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1947 እነሱን የሚያሰፍር ሕግ አወጣ። ጣሪያቸው እንደ በርሜል በጎበጠ የቆርቆሮ ቤቶች፣ በተለቀቁ የጦር ሰፈሮች ውስጥ ቤተሰብ መሠረቱ። አንዳንዱ ሰፈር እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ድረስ ሰው ነበረበት። ብዙዎች ሻንጣቸውን በልባቸው አልፈቱም፤ በሚቀጥለው ዓመት እንገባለን ይሉ ነበር። የስደት መንግሥታቸው ለንደን ላይ ፕሬዚዳንት እየሾመ 1990 ደረሰ። የመጨረሻው ፕሬዚዳንት ሪሻርድ ካቾሮቭስኪ የሥልጣን ምልክቶቹን ዲሴምበር 22 ቀን 1990 ዋርሶ ላይ በሕዝብ ለተመረጠው አዲሱ ፕሬዚዳንት ለሌክ ቫውንሳ አስረከቡ።

እነዚህ ሰዎች ማኅበር መሥራት ይችሉበታል። የዘማቾች ማኅበር፣ የስካውት ቡድን፣ የቅዳሜ ትምህርት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት። በ1964 በለንደን ሃመርስሚዝ «ፖስክ» ብለው በአጭሩ የሚጠሩትን የባህል ማዕከል መሠረቱ። ከየቤቱ በተዋጣና አዛውንቶች በኑዛዜ በተዉት ገንዘብ ኪንግ ስትሪት ላይ ትልቅ ሕንጻ አቆሙ። ቤተ መጻሕፍት፣ ቲያትር፣ ምግብ ቤት አለው። ለደህና አገር የሚበቃ ሕንጻ ነው።

በነገራችን ላይ አፍሪካም የዚህ ታሪክ አካል ናት። ስታሊን ወደ ሳይቤሪያ ካጋዛቸው ፖላንዶች መካከል በኢራን በኩል የወጡ ሺዎች፣ በብዛት ሴቶችና ልጆች፣ ከ1942 ጀምሮ ምሥራቅ አፍሪካ ሰፍረው ነበር። ትልቁ መንደራቸው በአሁኗ ታንዛኒያ፣ አሩሻ አጠገብ ያለችው ቴንጌሩ ናት፤ 5 ሺህ ያህል ሰው ነበረባት። ክብ ጎጆ ውስጥ እየኖሩ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያንና የስካውት ቡድን አቋቋሙ። መቃብራቸው እስከ ዛሬ ይጠበቃል። ከእነሱ ብዙዎቹ ኋላ ላይ የለንደኑን ፖሎኒያ ተቀላቅለዋል።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ሜይ 1 ቀን 2004 ፖላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆነች። ከነባሮቹ አገሮች የሥራ ገበያቸውን ያኔውኑ የከፈቱት እንግሊዝ፣ አየርላንድና ስዊድን ነበሩ። በእንግሊዝና ዌልስ ፖላንድ የተወለደው ሰው በ2001 ቆጠራ 58 ሺህ ያህል ነበር። በ2011 ቆጠራ 579 ሺህ ሆነ። አሥር እጥፍ! በአሥር ዓመት!

ነባሮቹ ማኅበራት መጀመሪያ ደስ አላቸው። ወገን መጣ። ወዲያው ግን መተያየት አቃታቸው። ነባሩ የተባረረ ነው፣ አዲሱ በርካሽ አውሮፕላን የመጣ። ነባሩ በ1940 ሶቭየቶች የፖላንድ መኮንኖችን ስለ ፈጁበት የካቲን ጭፍጨፋ መታሰቢያ ያስባል፣ አዲሱ ስለ ሰዓት ክፍያ። ነባሩ ሻይ በሸክላ ስኒ ይዞ «እነዚህ ልጆች ለማኅበር አይመጡም» ይላል። አዲሱ ደግሞ «ሄጄ ነበር፣ ማንም ወንበር አልሰጠኝም» ይላል። አሜሪካም በ1980ዎቹ፣ ሶሊዳሪቲ የተባለው የሠራተኞች ማኅበር የኮሚኒስቱን መንግሥት በተገዳደረበት ዘመን፣ ስደተኞች ሲመጡ እንዲሁ ሆኖ ነበር። በእንግሊዝ አዲስ መጤዎቹ ዘንድ «ፖላንዳዊ ለፖላንዳዊ ተኩላ ነው» የሚል አባባል ተለመደ፤ በአገሩ ልጅ አሠሪ ወይም ደላላ የተበላ ሰው ሁሉ ይጠቅሰዋል። ዓረብ አገር የሠሩ እህቶቻችን ይህን ምሬት ያውቁታል።

አንዱን እውነት እንናገር። አዲሱ ስደተኛ እድር አላስፈለገውም። ሕክምናው በመንግሥት ነው። ቤትና ሥራ በፌስቡክ ግሩፕ ያገኛል። «ፖላንድኛ የሚችል የጥርስ ሐኪም የት አለ?» ብሎ ቢጽፍ በአምስት ደቂቃ ሃያ መልስ ይመጣለታል። ናፍቆቱን ደግሞ በሁለት ሰዓት በረራ ይወጣዋል። ለምን ብሎ የዘማቾች ማኅበር ስብሰባ ይቀመጣል?

የልጅ ነገር ሲመጣ ግን ነገሩ ተቀየረ።

የቅዳሜ ትምህርት ቤት

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሌላው የእንግሊዝ ልጅ ተኝቷል ወይም ኳስ ሜዳ ነው። የፖላንዱ ልጅ ቦርሳ አዝሎ፣ ፊቱን አጨማዶ፣ ከመኪና ይወርዳል። ክፍሉ የተከራዩት ነው። ግድግዳው ላይ የሌላ ትምህርት ቤት ልጆች ሥዕልና ስም ተለጥፏል፣ አትንኩ ተብሏል፤ ሲወጡ ወንበሩ እንደነበረ መመለስ አለበት። አስተማሪዋ ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ሥራ ስትሠራ የከረመች ናት። ሰሌዳው ላይ ትንሽ ጭራ ያላቸውን ሁለት ሆሄዎች ትጽፋለች። ልጁ ጭራውን ወደ ግራ ያዞረዋል። ትሰርዝና እጁን ይዛ ወደ ቀኝ ታዞርለታለች። ኮሪደሩ ላይ ወላጆች ቆመው ያወራሉ። ይህቺ ኮሪደር ናት ዋናዋ ማኅበር። ስለ ግብር፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ሕግ ባለሙያ፣ አገር ቤት ስለታመመች እናት የሚወራው እዚያ ነው። ኮሚቴ አትሉትም፣ ሊቀመንበር የለውም።

እነዚህን ትምህርት ቤቶች የጀመሯቸው ያ የቆርቆሮ ቤት ትውልድ ነው። የልጅ ልጆቻቸው ቋንቋውን እየተዉ ክፍሎቹ እየሳሱ ነበር። ከ2004 በኋላ ግን ተጠባባቂ እስኪመዘግቡ ድረስ ሞሉ። አያቱ የሠራውን ቤት፣ እሱን የማያውቀው ሰው ልጅ ገባበት። መግባባት ያቃታቸው ሁለት ትውልዶች በአንድ ሥራ ተገናኙ።

አቅማቸውም ታየ። በ2015 አንድ የፈተና ድርጅት የፖላንድኛን የመሰናዶ ደረጃ (ኤ-ሌቭል) ፈተና ከ2018 በኋላ አልሰጥም አለ። ያ ፈተና ለልጁ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ነው። የቅዳሜው ድካም በወረቀት የሚቆጠረው በሱ ነው። ትምህርት ቤቶቹ፣ ወላጆቹና የመምህራን ማኅበሩ ፊርማ አሰባሰቡ፣ የፓርላማ አባላትን ወተወቱ። በ2016 ፈተናው እንደሚቀጥል ተወሰነ። ይህን ያሸነፈው የኮሪደሯ ማኅበር ነው። አማርኛ በእንግሊዝ እንዲህ ያለ ፈተና የለውም። የእኛ የእሑድ ትምህርት ቤቶች ግን አሉ፣ ልጆቹም አሉ። ምን ይከለክለናል ብዬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

መንግሥት እጁን ሲያስገባ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ግን ሳልነካው ማለፍ አልችልም። ብራዚል ውስጥ የፓራና ግዛት ፖላንዶች በገዛ ገንዘባቸው ብዙ ትምህርት ቤቶች ከፍተው ነበር። የአገሪቱ መሪ የቫርጋስ መንግሥት በ1938 በውጭ ቋንቋ የሚያስተምሩትን በአዋጅ ዘጋ። ጀርመን ውስጥ በ1922 የተመሠረተውን የፖላንዶች ማኅበር ናዚዎች ጦርነቱ እንደተጀመረ አገዱት፣ ንብረቱን ወረሱት፣ መሪዎቹን ማጎሪያ ካምፕ ከተቱ።

በፍቅር የሚመጣ እጅም አለ። የፖላንድ ሴኔት ፖሎኒያን የመርዳት ልማድ አለው፣ በየዓመቱ በጀት ይመደባል። ገንዘቡ ለትምህርት ቤትና ለጋዜጣ ጠቅሟል። ግን በ2012 ከሴኔቱ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተዛወረ፣ በ2016 ተመልሶ ወደ ሴኔት መጣ። ዋርሶ ላይ ፓርቲ በተቀየረ ቁጥር ለንደንና በርሊን ያለው ማኅበር ማመልከቻውን ለማን እንደሚጽፍ ያስባል፣ ቆይቶም ቃሉን ይለካል። ከአገር ቤት መንግሥት ገንዘብ የተቀበለ ማኅበር አባሉ መዋጮ ለምን ያዋጣል? መዋጮ ያላዋጣ አባልስ ለምን ይጠይቃል? በዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው፤ የገዛ አባላቱ ዶላር የሚያቆመው ማኅበር፣ ትንሽም ቢሆን፣ ይሻላል።

ሰዉ ግን ለአገሩ ግድ የለውም ማለት አይደለም። በኦክቶበር 2023 ምርጫ በውጭ አገር ለመምረጥ የተመዘገበው ከ600 ሺህ በላይ ነበር። በሕጉ የውጭ አገር ጣቢያ ውጤት በ24 ሰዓት ውስጥ ካልደረሰ ድምፁ ይሰረዛል። ስለዚህ በየከተማው ጣቢያ የሚያቋቁም፣ የሚቆጥር፣ አዳራሽ የሚሰጥ በጎ ፈቃደኛ ተሰባሰበ። የፖሎኒያ አዳራሾች ያን ቀን ሥራ ነበራቸው።

ስልኩን የያዘችው ልጅ

ጁን 23 ቀን 2016 እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ድምፅ ሰጠች። በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ የፖስክ ሕንጻ መግቢያ ላይ ስድብ በቀለም ተጽፎ ተገኘ። ከእንግሊዝ ጎን ሆነው ሂትለርን የተዋጉ ሰዎች በሠሩት ቤት ላይ! ወሬው በተሰማ በሰዓታት ውስጥ የሃመርስሚዝ ነዋሪዎች፣ ፖላንዳዊ ያልሆኑ ሰዎች፣ አበባና ካርድ ይዘው መጡ። አበባው በመግቢያው ተከመረ።

ያ ቀን ለብዙ የ2004 መጤዎች የለውጥ ቀን ነበር። ፖስክ የእነሱ ቤት መስሎ ተሰምቷቸው አያውቅም። ሲሰደብ ግን የተሰደቡት እነሱ ናቸው።

ቀጥሎ እውነተኛው ሥራ መጣ። የእንግሊዝ መንግሥት አገሩ ውስጥ የሚኖሩ የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች እስከ ጁን 30 ቀን 2021 አዲስ የመኖሪያ ፈቃድ ያመልክቱ አለ። ማመልከቻው በኢንተርኔት ነው። ፓስፖርቱን በስልክ የሚያነብ አፕ ነበር። መጀመሪያ ላይ በአንድሮይድ ብቻ ይሠራ ነበር፤ ለአይፎን የደረሰው በ2019 መጨረሻ ገደማ ነው። ወጣቱ በአሥራ አምስት ደቂቃ ይጨርሳል። ኢንተርኔት የማያውቅ ሽማግሌስ? እንግሊዝኛ የማይጽፍ የመጋዘን ሠራተኛስ? ለዓመታት በጥሬ ገንዘብ እየተከፈላት የኖረች፣ ምንም ወረቀት የሌላት የጽዳት ሠራተኛስ?

ይህን ፌስቡክ አልፈታውም። ግሩፑ ምክር ይሰጣል እንጂ የሰው እጅ ይዞ አይቀመጥም። የፖላንድ ማኅበራት፣ ደብሮችና የምክር ማዕከሎች ጠረጴዛ አወጡ። በጎ ፈቃደኞች የራሳቸውን አንድሮይድ ስልክ ይዘው መጡ። አንድ አዛውንት ይቀመጣሉ፣ ፓስፖርታቸውን ከደረት ኪሳቸው ያወጣሉ። ልጅቷ ስልኳን በፓስፖርቱ ሽፋን ላይ ታደርግና ትጠብቃለች። አይሠራም። ትንሽ ወደ ታች ታንሸራትተዋለች። ስልኩ ድምፅ ያሰማል። «አሁን ፊትዎን አነሣለሁ፣ አይንቀሳቀሱ» ትላቸዋለች፣ በፖላንድኛ። ከኋላቸው ወንበር ላይ የሚቀጥሉት ሰው ወረቀታቸውን በፌስታል ይዘው ይጠብቃሉ።